የመበለቲቱ ሦስት የወርቅ መሐለቅ

ባለጠጋውም ድኻውም በአንድ መዝገብ የሚጻፉበት፣ ዋናው ሳይነካ ፍሬው ብቻ ለነዳያንና ለከተማው ጥቅም የሚውልበት የማኅበረሰብ ፋውንዴሽን ከየት መጣ? ሥራውንስ እንዴት ያከናውናል?

ቀይ ወንዝና አሲኒቦይን የሚባሉት ሁለት ወንዞች በሚገናኙበት የካናዳ ሜዳ ላይ በተቆረቆረችው በዊኒፔግ ከተማ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1924 (ሌላ ምልክት ካልተደረገበት በቀር በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ዘመን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው)፣ ከተቋቋመ ገና ሦስት ዓመት ለሆነው ለዊኒፔግ ፋውንዴሽን አንድ ፖስታ ደረሰው። ፖስታው ሲከፈት እያንዳንዳቸው አምስት ዶላር የሚያወጡ ሦስት የወርቅ መሐለቆች ተገኙበት፤ በላዩም፣ ከጉድለቷ ያላትን ሁሉ በቤተ መቅደሱ ሙዳየ ምጽዋት የጣለችውን የወንጌሏን ድኻ ሴት በማሰብ፣ «የመበለቲቱ መባ» እንደ ማለት ያለ አጭር ቃል ሰፍሮበት ነበር። የላኪው ስም ግን አልተጻፈም። በእውነት መበለት ትሁን፣ ወይም የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ወይም በሰው ቤት አገልግላ የምታድር ሴት፣ ማንም አላወቀም።

ይህ ስጦታ ለፋውንዴሽኑ ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው፣ ዊልያም ፎርብስ አሎዌይ የተባለ የባንክ ባለቤት በ1921 የሰጠው አንድ መቶ ሺህ ዶላር ነበር። ስለ ማኅበረሰብ ፋውንዴሽን ለመጻፍ ስነሣ ከመቶ ሺው ይልቅ ከአሥራ አምስቱ ዶላር መጀመሬ ያለ ምክንያት አይደለም፤ የባለጠጋ ሰው ልግስና በየአገሩና በየዘመኑ የታወቀ ነገር ሲሆን፣ የባለጠጋውንና የድኻዋን ስጦታ በአንድ ጥሪት አዋሕዶ፣ ለሁለቱም እኩል ዕድሜ ሰጥቶ፣ አንዱን ከሌላው ሳያስበልጥ ለብዙ ትውልድ የሚያኖር ሥርዓት ግን ብዙ ጊዜ የሚገኝ ነገር አይደለምና።

ፋውንዴሽን የሚለው ቃል ለጆሯችን እንግዳ አይደለም። በመኪና በር ላይ ተለጥፎ፣ በትምህርት ቤት አጥር ላይ ተሰቅሎ፣ በሕክምና መሣሪያ ጎን ተጽፎ እናየዋለን፤ ቃሉን በሰማን ጊዜም በኅሊናችን የሚሣለው አንድ ስመ ጥር ባለጠጋና ያ ባለጠጋ በራሱ ፈቃድ የሚዘረጋው እጅ ነው። የማኅበረሰብ ፋውንዴሽን ግን ከዚህ የተለየ ነገር ነው። ባለቤቱ አንድ ሰው ወይም አንድ ቤተ ሰብ ሳይሆን አንድ ከተማ ወይም አንድ አውራጃ ነው፤ ገንዘቡ ከብዙ እጅ የተሰበሰበ ነው፤ የሚያከፋፍሉትም በአደራ የተሾሙ የዚያው አገር ነዋሪዎች ናቸው።

ከበሬ ጋሪ እስከ ባንክ

ዊኒፔግ የብርድ ከተማ ናት። በጥርና በየካቲት ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች እስከ ሠላሳ ዲግሪ የሚወርድባቸው ቀኖች ጥቂቶች አይደሉም፤ ያን ጊዜ ወንዞቹ እንደ ድንጋይ ይጠጥራሉ፣ ሕፃናትም አረጋውያንም ፎርክስ ከሚባለው የወንዞቹ መገናኛ እየተነሡ በረጋው ውሃ ላይ በብረት ጫማ ይንሸራተታሉ። የነባሩ ሕዝብ ነገዶች ለብዙ ሺህ ዓመታት የተገናኙበትና የተገበያዩበት ስፍራ ይኸው ነው። በኋላ የጠጕር ነጋዴዎች መጡ፤ ከእነርሱም በኋላ የባቡር ሐዲድ መጣ፤ ሐዲዱም ከተማይቱን ለሁለት ከፍሎ፣ ከምሥራቅ አውሮፓ የተሰደዱትን ሠራተኞች በሰሜኑ ሰፈር፣ ባለ ሀብቶቹን በስተ ደቡብ አኖራቸው።

አሎዌይ ወደዚህች ስፍራ የመጣው በ1870፣ የዐሥራ ስምንት ዓመት ጎልማሳ ሳለ፣ በሉዊ ሪየል የተመራው የሜቲስ ሕዝብ ተቃውሞ ከተነሣ በኋላ መንግሥት ከላከው ሠራዊት ጋራ ነበር። የተወለደው በአየርላንድ ነው። ወታደርነቱን ትቶ በሬ በሚስበው የእንጨት ጋሪ ዕቃ እያጓጓዘ ነገደ፤ በ1879ም ከባልንጀራው ከቻምፒዮን ጋራ በሁለቱ ስም የሚጠራ ባንክ ከፈተ። ከሀብቱ ምንጮች አንዱ ግን ዛሬ በመልካም የማይነሣ ንግድ ነው፤ መንግሥት ለሜቲስ ሕዝብ፣ ማለት ከነባሩ ሕዝብ እናቶችና ከአውሮፓውያን አባቶች ዘር ለተወለዱት፣ ስለ መሬት መብታቸው የሰጣቸውን ስክሪፕ የተባለ ወረቀት ከእጃቸው እየገዛ ይሸጥ ነበር፤ በዚህም ንግድ ብዙ የሜቲስ ቤተ ሰብ በአባቶቹ አገር መሬት አልባ ሆኖ ቀርቷል።

ስለ ልግስና የሚጽፍ ሰው ይህን የመሰለውን ነገር በዝምታ ማለፍ አይገባውም ብዬ አምናለሁ። አሎዌይ ስጦታውን ባቀረበ ጊዜ ምክንያቱን ሲገልጽ፣ በቀይ ወንዝ ዳር እግሩ ከረገጠበት ቀን ጀምሮ ለዚህ ማኅበረሰብ ባለ ዕዳ መሆኑን፣ ካፈራውም ሀብት ማኅበረሰቡ ሊካፈል እንደሚገባው ተናግሯል። እርሱ ዕዳ ሲል ያሰበው ለከተማይቱ ያለበትን ዕዳ ነበር። ዛሬ ግን ዊኒፔግ ከካናዳ ከተሞች ሁሉ የበዛ የነባር ሕዝብ ቍጥር የሚኖርባት ከተማ ናትና፣ ቃሉ እርሱ ካሰበው ይልቅ ሰፊ ሆኖ፣ ፋውንዴሽኑ ገንዘቡን ለማን ሊሰጥ እንደሚገባው በተጠየቀ ቍጥር ይነሣል።

ባንኩ የተሸጠው በ1919 ነው። በዚያው ዓመት ሠላሳ ሺህ ያህል ሠራተኞች ሥራቸውን አቁመው ከተማይቱ ለስድስት ሳምንታት ጸጥ አለች፤ በመጨረሻም በዋናው ጎዳና ላይ ደም ፈሰሰ። የባለጠጋውና የሠራተኛው ሰፈር እርስ በርስ በጠላትነት ከተያየ ሁለት ዓመት በኋላ ነው እንግዲህ የክፍለ ሀገሩ ሸንጎ በሕግ ፋውንዴሽኑን ያቆመው፣ አሎዌይም መቶ ሺውን የሰጠው። በ1922 ለመጀመሪያ ጊዜ ከተሰጡት ድጋፎች አንዱ በየድኻው ቤት እየዞሩ ሕሙማንን ለሚያስታምሙት ለማርጋሬት ስኮት ሚሲዮን ነርሶች ደርሷል። አሎዌይና ሚስቱ ልጅ አልነበራቸውም፤ እርሱ በ1930 ሲሞት ደግሞ ከቀረው ሀብቱ የሚበልጠውን ለዚሁ ለፋውንዴሽኑ ተናዘዘ።

> ከመቶ ሺው ዶላር ቀጥሎ በመዝገቡ የገባው አሥራ አምስት ዶላር ነው።

የሙታን እጅ

የዊኒፔግ ሰዎች ግን ይህን ሥርዓት ከራሳቸው አላመነጩትም። የተፀነሰው ከእነርሱ ሰባት ዓመት አስቀድሞ፣ በአሜሪካ በኦሃዮ ክፍለ ግዛት፣ በክሊቭላንድ ከተማ፣ ፍሬድሪክ ጎፍ በተባለ የሕግ ዐዋቂ አሳብ ነው። ጎፍ ከ1908 ጀምሮ ክሊቭላንድ ትረስት የተባለው ባንክ ፕሬዚዳንት ነበር፤ እንዲህ ያለው ባንክ ደግሞ የሟቾችን ንብረት በአደራ ተቀብሎ፣ በኑዛዜያቸው ቃል መሠረት የሚያስተዳድር ነውና፣ ብዙ ኑዛዜ ከእጁ ገብቷል። ኑዛዜዎቹን ባነበበ ቍጥር ግን አንድ ነገር ያሳዝነው ነበር፤ በቅን ልብ የተጻፈ የኑዛዜ ቃል ዘመን ሲያልፍበት መልካም ሥራን የሚያስር ሰንሰለት ሆኖ ይቀራል። ጎፍ ይህን ነገር «የሙታን እጅ» ይለው ነበር።

ምሳሌውን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም ነበር። የሴንት ሉዊስ ከተማ ከንቲባ የነበረው ብራያን ሙላንፊ በ1851 ሲሞት ከንብረቱ ሢሶውን፣ ወደ ምዕራብ ሄደው ለመስፈር ሲሉ በከተማይቱ ለሚያልፉ ድኾች መንገደኞች ርዳታ ይሁን ብሎ ተናዘዘ። በዘመኑ ከዚህ የሚበልጥ ምግባረ ሠናይ አልነበረም፤ በሠረገላ ተጭነው፣ ሕፃናት አዝለው፣ ስንቅ አልቆባቸው ሴንት ሉዊስ የሚደርሱት ሰዎች እጅግ ብዙ ነበሩና። ነገር ግን ባቡር መጣ፣ ምዕራቡም ሞላ፤ ሠረገላዎቹ ከመንገዱ ጠፉ፤ ገንዘቡ ግን በውርስ የተሰጠው የከተማ ሕንፃ እየከበረ ሲያድግ፣ በኑዛዜው ቃል መሠረት የሚቀበለው ድኻ አልተገኘም፤ በዚያው ከተማ ግን ሌላ ዓይነት ድኻ ሞልቶ ነበር።

ቤንጃሚን ፍራንክሊን እንኳ፣ ያን ያህል አርቆ የሚያስብ ሰው ሆኖ ሳለ፣ ከዚህ ነገር አላመለጠም። በ1790 ሲሞት ለቦስተንና ለፊላዴልፊያ ለእያንዳንዳቸው አንድ ሺህ ፓውንድ ትቶ፣ ገንዘቡ በመምህር እጅ ሥር ሆነው የእጅ ሥራ ለተማሩ፣ ሚስት ላገቡ፣ ዕድሜያቸውም ከሃያ አምስት ዓመት በታች ለሆነ ወጣቶች በብድር እየተሰጠ ሁለት መቶ ዓመት እንዲቆይ አዘዘ። ፋብሪካ ሲስፋፋ ግን በመምህር ሥር ሙያ የመማር ልማድ ደከመ፤ ተበዳሪው ወጣትም እየጠፋ ሄደ። ገንዘቡ ሁለት መቶውን ዓመት ፈጽሞ በሚሊዮን ወደሚቈጠር ዶላር ቢደርስም፣ ፍራንክሊን ባሰበው መንገድ ያገለገለው ለጥቂት ዘመን ብቻ ነበር።

እኛም ይህን ነገር በራሳችን ታሪክ እናውቀዋለን። ነገሥታቱና መሳፍንቱ ለአድባራትና ለገዳማት ጉልት በሰጡ ጊዜ ስጦታው ለዘለዓለም እንዲጸና በመጽሐፍ አስጽፈው፣ የሚሽረውን በውግዘት አስረው ነበር፤ ሙስሊሞች ወገኖቻችንም ለመስጊድና ለቍርዓን ትምህርት ቤት ወቅፍ ሲያደርጉ ዋናው እንዳይሸጥና እንዳይለወጥ ብለው ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ለበጎ ሥራ ለዘለዓለም ስለሚመደብ ንብረት ድንጋጌ አለው። ሆኖም የአድባራቱ ጉልት በ1967 ዓ.ም. በወጣው የመሬት ዐዋጅ ዐለፈ፤ በእርሱ ይተዳደሩ የነበሩት ካህናትና የአብነት ተማሪዎችም ሌላ መተዳደሪያ መፈለግ ግድ ሆነባቸው። የሰጪው ቃል በድንጋይ ላይ የተቀረጸ ያህል በጸና መጠን፣ ዘመኑ ሲለወጥ መሰበሩም የዚያኑ ያህል የበረታ ይሆናል።

ጎፍ ያገኘው መፍትሔ ሁለት ነገሮችን ያጣመረ ነው። አንደኛው፣ ስጦታዎች ሁሉ በየራሳቸው ከመቆም ይልቅ በአንድ ጥሪት እንዲጠቃለሉ፤ ሁለተኛው፣ ሰጪው የፈለገውን ዓላማ ቢጠቅስም እንኳ፣ ያ ዓላማ ጊዜ ያለፈበት፣ የማይጠቅም ወይም የማይቻል ሆኖ በተገኘ ጊዜ፣ በሕይወት ያሉ ሰዎች ያሉበት ጉባኤ ገንዘቡን ወደ ሌላ በጎ ሥራ እንዲያዞር ሥልጣን እንዲኖረው። በ1914 ጥር 2 ቀን የባንኩ ዲሬክተሮች ውሳኔውን ተቀበሉት፣ የክሊቭላንድ ፋውንዴሽንም በዓለም የመጀመሪያው የማኅበረሰብ ፋውንዴሽን ሆኖ ተቋቋመ።

የጉባኤው አሿሿም እጅግ የታሰበበት ነው። ከአምስቱ አባላት ሁለቱን ባንኩ፣ የቀሩትን ሦስቱን ከንቲባው፣ የፌዴራሉ ዳኛና የውርስ ጉዳይ ዳኛው አንዳንድ ሆነው ይሾሙ ነበር፤ የመንግሥት ሥልጣን የያዘ ወይም ሥልጣን ለመያዝ የሚወዳደር ሰው አይገባም፤ ከአንድ ሃይማኖት ወገንም ከሁለት አባላት በላይ እንዳይኖሩ ተከልክሏል። ባንኩ ገንዘቡን ይጠብቃል እንጂ ለማን እንዲሰጥ ብቻውን አይወስንም። ጠባቂና ሰጪ ተለይተዋል ማለት ነው፤ በእኔ አስተያየት ከአሳቡ ሁሉ የላቀው ይህ ነው፤ አደራ የሚበላው አብዛኛውን ጊዜ ቍልፉና መዝገቡ በአንድ እጅ ሲሆኑ ነውና።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግን ፋውንዴሽኑ የሚሰጠው ገንዘብ አልነበረውም፤ ኑዛዜ የሚፈጸመው ተናዛዡ ሲሞት ነው፣ ቃል የገቡትም ሰዎች በሕይወት ነበሩ። ጎፍ ይህን የመጠበቂያ ጊዜ ከተማይቱን ለማጥናት ተጠቀመበት። በ1915ና በ1916 በሌናርድ ኤርስ መሪነት የትምህርት ቤቶቹ ሁኔታ ተመረመረ፤ ቀጥሎም ሮስኮ ፓውንድና ፌሊክስ ፍራንክፈርተር የተባሉት የሕግ ሊቃውንት የከተማይቱን የወንጀል ፍርድ አሠራር መርምረው በ1922 አሳተሙ። ገንዘብ ሳይዙ ሰውን መርዳት ቢያምር፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚቻለው የችግሩን መልክ አጥርቶ ማወቅ ነው። በ1915 ቺካጎና ቦስተን ይህንኑ አብነት ተከተሉ፤ ዊኒፔግም ከካናዳ የመጀመሪያዋ ሆነች።

ፍሬው እንጂ ግንዱ አይነካም

ወደ ሦስቱ የወርቅ መሐለቆች እንመለስ። እድርተኛ የሆነ አንባቢ በመጀመሪያ የሚጠይቀው፣ አሥራ አምስቱ ዶላር ለማን ተሰጠ ብሎ ይሆናል። የእድር ገንዘብ በወር በወር ተዋጥቶ፣ ሐዘን የደረሰበት ቀን ወጥቶ፣ ድንኳኑና ንፍሮው ተሟልቶ፣ ሐዘንተኛው ተጽናንቶ የሚያልቅ ነው፤ ማለቁም ዓላማው ነው። የፋውንዴሽኑ መልስ ግን ሌላ ነው፤ አሥራ አምስቱ ዶላር ለማንም አልተሰጠም። ከመቶ ሺው ጋራ ተደምሮ በሥራ ላይ ዋለ፣ የሚሰጠውም በየዓመቱ የሚያፈራው ነው።

አሠራሩ በጠቅላላው እንዲህ ነው። የተሰበሰበው ጥሪት በመንግሥት ቦንድ፣ በኩባንያዎች አክሲዮን፣ በሕንፃና በመሳሰለው ተከፋፍሎ ይቀመጣል፤ ከሚገኘውም ትርፍ በዓመት የጥሪቱን ከመቶ አራት ወይም አምስት የሚያህለው ብቻ ለበጎ አድራጎት ይወጣል፤ የቀረው፣ የኑሮ ውድነት ዋናውን እንዳይበላው፣ በጥሪቱ ላይ ይጨመራል። አሥራ አምስት ዶላር ብቻውን ቢቆም፣ ከመቶ አምስት ቢታሰብ፣ በዓመት ሰባ አምስት ሳንቲም ነው፤ ለሰባ አምስት ሳንቲም መዝገብ ከፍቶ፣ ሒሳብ ሠርቶ፣ ኦዲተር ቀጥሮ የሚያስተዳድር ደግሞ አይገኝም። በጥቅሉ ውስጥ ሲገባ ግን ያው ሰባ አምስት ሳንቲም ወጪው ከሌሎች ጋራ ተካፍሎለት፣ ያለ ድካም፣ ከዓመት ወደ ዓመት ይሻገራል። የዊኒፔግ ፋውንዴሽን ጥሪት ዛሬ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ሲሆን፣ በ2001 የሞፋት ቤተ ሰብ ብቻውን መቶ ሚሊዮን ዶላር ሰጥቶታል፤ የመበለቲቱም ወርቅ ከዚያው ጋራ ነው።

> አሥራ አምስቱ ዶላር ለማንም አልተሰጠም፤ የሚሰጠው በየዓመቱ የሚያፈራው ነው።

ሰጪው በሚሰጥበት ጊዜ የሚመርጠው ነገር አለ። አንዱ ምንም ሳያስር፣ ጉባኤው በየዘመኑ ለሚያየው ችግር ይሁን ብሎ ይሰጣል። ሌላው፣ ለሕሙማን ወይም ለኪነ ጥበብ ወይም ለጫካና ለወንዝ ጥበቃ ይሁን ብሎ መስኩን ብቻ ይወስናል። ሌላው አንድን ድርጅት በስሙ ይጠራል፤ የተማረበትን ትምህርት ቤት ወይም እናቱ የታከመችበትን ሆስፒታል። በልጁ መታሰቢያ ለድኻ ተማሪዎች የትምህርት ወጪ የሚያቆምም አለ፤ ይህን የሚያደርጉ ወላጆች ስንት እንባ ካፈሰሱ በኋላ እንደሚመጡ የቢሮው ሠራተኞች ያውቁታል። ደግሞም ከሰጠ በኋላ በሕይወት እስካለ ድረስ ለማን ቢሰጥ ደስ እንደሚለው አሳቡን የሚያቀርብ ሰጪ አለ፤ ምክሩ ብዙ ጊዜ ይሰማለታል፣ የመጨረሻው ውሳኔ ግን የጉባኤው ነው።

ብዙ ዓመት በዚህ ሥራ የቈየ የኑዛዜ ጠበቃ፣ ደንበኞቹ ኑዛዜ ሲያጽፉ መጀመሪያ በዝርዝር እንደሚጀምሩ፣ ይህ ለዚህ ብቻ፣ ያ ለዚያ ብቻ እያሉ ገጽ እንደሚሞሉ ይናገራል። ጥቂት ቈይቶ፣ «ከሞቱ ሃምሳ ዓመት በኋላ ይህ ድርጅት ባይኖርስ?» ብሎ ይጠይቃቸዋል። ያን ጊዜ ዝም ይላሉ። ያ ዝምታ፣ ይላል፣ ሰው የራሱን ሞት በእውነት የሚያስብበት ቅጽበት ነው፤ ከዚያም በኋላ አንዳንዱ ዝርዝሩን ሰርዞ፣ በዚያን ጊዜ በሕይወት ያሉት የተሻለውን ይወቁ ብሎ ይፈርማል።

ስለ ልግስና ሲነገር ብዙ የሚነሣው የመጠኑ ነገር ነው። እኔ ግን ከገንዘቡ መጠን ይልቅ ይህን እደነቃለሁ፤ ሰው ላቡን ካንጠፈጠፈበት ሀብቱ ላይ ከሞት በኋላ የማዘዝ መብቱን አሳልፎ፣ ገና ላልተወለዱና ለማያውቃቸው ሰዎች ፍርድ መተው ይችላል። ሦስቱን የወርቅ መሐለቆች የላከው ሰው ስሙን ትቷል፤ ስሙን ከተወ ዘንድ የሚያዝበትን ቃልም ትቷል።

የሚነሡ ቅሬታዎች

ይህን ሥርዓት የሚነቅፉ ሰዎች አሉ፤ ነቀፋቸውም ሊሰማ ይገባል።

በሰሜኑ ሰፈር የምግብ ማደያ የምታስተዳድር ሴት እንዲህ ትላለች፦ ሕፃናት ዛሬ ተርበው ሳሉ ለሚመጣው መቶ ዓመት የሚቀመጥ ገንዘብ ምንድር ነው? ከመቶ አምስቱ ለእኛ፣ ዘጠና አምስቱ ለባንክ ከሆነ፣ ችግሩ ሳይሆን ገንዘቡ ነው የሚጠበቀው። ለዚህ ነቀፋ የፋውንዴሽኑ ሰዎች የሚሰጡት መልስ፣ እናንተ ዛሬ የምትወስዱት ከመቶ ዓመት በፊት ተርበው የነበሩትን ሕፃናት ያዩ ሰዎች ሳይበሉ ያቈዩት ነው የሚል ነው። መልሱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ጥያቄውን አይፈጽመውም። በጐርፍ፣ በወረርሽኝ ወይም በሥራ አጥነት ዘመን ከተለመደው በልጦ መከፈት የማይችል ሣጥን፣ ሣጥን ከመሆን ወደ ጣዖትነት ሊሄድ ይችላል፤ ከመቶ አምስት የሚለውም ልክ የሰው ሥርዓት እንጂ ትእዛዝ አይደለም።

ሁለተኛው ቅሬታ በጉባኤው ስለሚቀመጡት ሰዎች ነው። ለብዙ ዘመን የባንክ ሹማምንት፣ ጠበቆችና የታወቁ ነጋዴዎች ሲመሩት የኖረ ሥራ ስለ ሆነ፣ ችግሩን የሚያውቀው ሰው ከጠረጴዛው ማዶ ቆሞ ጠያቂ፣ የማያውቀው ተቀምጦ ፈራጅ የሚሆንበት ጊዜ አለ። የነባሩ ሕዝብ ሽማግሌዎች ይህን በግልጽ ይናገራሉ፤ በአያቶቻችን መሬት ከከበረ ሀብት እኛ ለማኝ፣ ሌላው መጽዋች የሆንበት ምክንያት ይነገረን ይላሉ። ከላይ ስለ ስክሪፕ የተናገርሁትን ያስታወሰ አንባቢ ነገሩ ተራ ወቀሳ አለመሆኑን ይረዳል። መልሱ የጉባኤውን ወንበር ማካፈል ነው እንጂ የድጋፉን መጠን ከፍ ማድረግ ብቻ አይመስለኝም።

ሦስተኛው የጥቃቅኖቹ ድርጅቶች ነው። ድጋፍ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ለአዲስ ሥራ፣ ለአንድ ዓመት ነው፤ የቤት ኪራይ፣ የማሞቂያና የሒሳብ ሠራተኛ ደመወዝ ግን ሁልጊዜ አለ። በዚያ ብርድ አገር የማሞቂያ ሒሳብ ቀላል ነገር አይደለም። ማመልከቻ ለመጻፍ የሚያልፈው ሌሊት ለሕፃናቱ ቢውል ይሻል ነበር የሚሉ የበጎ አድራጎት ሠራተኞችን ማግኘት አያስቸግርም፤ አንዳንድ ፋውንዴሽኖች ይህን ተረድተው ለብዙ ዓመት የሚዘልቅና በማናቸውም ወጪ ላይ ሊውል የሚችል ድጋፍ መስጠት ጀምረዋል።

የስንዴው አገር ትንንሽ ሣጥኖች

ከዊኒፔግ ወጥቶ በስንዴው ሜዳ መካከል የሚሄድ ሰው፣ በየጥቂቱ ርቀት አንድ የእህል ጎተራ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያንና አንድ የበረዶ መንሸራተቻ አዳራሽ ያሏቸው ትንንሽ ከተሞች ያገኛል። ዊኒፔግ ዋና ከተማው በሆነችው በማኒቶባ ክፍለ ሀገር ዛሬ ከ50 በላይ የማኅበረሰብ ፋውንዴሽኖች አሉ፤ ብዙዎቹ በእነዚህ ከተሞች ውስጥ፣ ቢሮ እንኳ ሳይኖራቸው፣ በጡረተኛ መምህርት፣ በገበሬና በፋርማሲ ባለቤት የሚመሩ ናቸው። የዊኒፔጉ ትልቁ ፋውንዴሽን የአንዳንዶቹን ጥሪት ከራሱ ጋራ አጣምሮ ያስተዳድርላቸዋል፤ የሚሰጡበትን ነገር ግን እነርሱ ራሳቸው ይወስናሉ።

የሚሰጡትም ጥቂት ነው፤ ለቤተ መጻሕፍቱ መስኮት፣ ለመቃብሩ አጥር፣ ለአዛውንቶቹ መጓጓዣ መኪና ጎማ። ልጆቹ ወደ ከተማ ተሰደው ያለቁበት ገበሬ መሬቱን ሲሸጥ ከዋጋው ጥቂት ለከተማው ሣጥን ትቶ የሚሞትበት ምክንያት ለማንም ግልጽ ነው። ልጆቹ አይመለሱም፣ አዳራሹ ግን ጣሪያ ያስፈልገዋል።

ወጣቶቹ በጠረጴዛው ዙሪያ

የዊኒፔግ ፋውንዴሽን ከሃያ ዓመት በላይ ያካሄደው አንድ ሥራ አለ፤ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ለተማሪዎች ኮሚቴ ከጥሪቱ ፍሬ ጥቂት ገንዘብ እየተሰጠ፣ ለማን እንዲደርስ ራሳቸው ተማሪዎቹ መርምረው እንዲወስኑ ይደረጋል። ሰጪ መሆንን ለመማር ባለጠጋ እስኪሆኑ መጠበቅ አያስፈልግም የሚል አሳብ ነው።

እንዲህ ያለውን አንድ ስብሰባ በኅሊናችን እንሣለው። ትምህርት አልቋል፣ ውጭው ጨልሟል፣ በረዶው በመስኮቱ ላይ ይወርዳል። ዐሥር የሚሆኑ ልጆች፣ ወላጆቻቸው ከፊሊፒንስ፣ ከዩክሬን፣ ከእኛም አገር የመጡ፣ የሜቲስ ልጆችም ጭምር፣ ኮታቸውን በወንበር ላይ ጥለው ተቀምጠዋል። በጠረጴዛው ላይ ሁለት ማመልከቻ አለ፤ አንደኛው ለስደተኛ ቤተ ሰቦች ጠዋት ጠዋት ቁርስ የሚሰጥ ማእከል፣ ሁለተኛው ለሰሜኑ ሰፈር ሕፃናት ቫዮሊን የሚያስተምር የሙዚቃ ክፍል። ገንዘቡ ለሁለቱ አይበቃም። አንዲት ልጅ፣ የተራበ ልጅ ቫዮሊን አይዝም ትላለች። አንድ ልጅ ደግሞ፣ እኔ ወደዚህ አገር በመጣሁ ጊዜ ቁርስ ነበረኝ፣ ያጣሁት የምናገርበት ነገር ነበር ይላል። መምህርታቸው ትሰማለች፣ አትፈርድም። ድምፅ ይሰጣሉ፤ አምስት ለአምስት ይሆናል። በሚመጣው ሐሙስ ከትምህርት በኋላ በአውቶቡስ ሄደው ሁለቱንም ስፍራ በዓይናቸው እንዲያዩ ይስማማሉ፤ አንዷም የአውቶቡሱን ቍጥርና የመነሻውን ሰዓት በማመልከቻው ጀርባ በእርሳስ ትጽፋለች።